የደጋ መስኮት በቆላ ቤት

እንጉዳይ፣

ማሩ ትናንት ጠዋት ከጤና ጣቢያ ወጣ። ትኩሳቱ ለቆታል።

አንቺ ከተለየሽን ሁለተኛው ክረምት ሊገባ ነው። ጡት ሳይጥል ትተሽው የሄድሽው ልጅ አሁን አፉን ፈቷል፤ ይሮጣል፤ የጎረቤት ዶሮ ያባርራል፤ ሲቆጡት ዓይን ዓይን እያየ ይስቃል። ሳቁ ያንቺ ነው። ትናንት ከጤና ጣቢያው በር እስከ ቤታችን ተሸክሜው ስመጣ ግን አልሳቀም። አንገቴን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ክብደቱ ቀንሷል።

ቤቱ ገብተናል። በጥር ነው የገባነው። አንቺ የምታውቂው እንጨቱ ቆሞ፣ ቆርቆሮው ተመትቶ፣ ግድግዳው ገና ጭቃ ሳይለብስ ነው። ዝናቡ ሲቆም እናስመርገዋለን ብለን ነበር። መስከረም ላይ አንቺን ያ ትኩሳት ወሰደሽና ቤቱ ዓመቱን ሙሉ አጥንቱ እየታየ ቆመ። በዚያ በኩል ማለፍ እንኳ አልወድም ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመናኸሪያው በኩል እዞራለሁ። በኋላ ትርንጎ ናት፣ «አባዬ፣ ቤታችን ውስጥ የሰው ፍየል ገብቶ ያድራል» ብላ የነገረችኝ። በማግስቱ ጭቃ አስቦካሁ።

የገባን ዕለት ልጅሽ ምን እንዳደረገች ልንገርሽ። የተከራየንበት ቤት ባለቤት «ግድግዳዬን እንዳትበሱት» እያለች ስንት ዓመት እንዳሳቀቀችሽ ታስታውሺያለሽ። ልብሳችን በካርቶን፣ መስታወቱ ወንበር ላይ፣ የሠርጋችን ፎቶ አልጋ ሥር ነበር። ትርንጎ ዕቃው ገና ከጋሪው ሳይወርድ መዶሻ ይዛ ገባች። ምስማር ያልመታችበት ግድግዳ የለም። ባርኔጣ የለንም፣ ካፖርት የለንም፤ ምስማር ግን በየቦታው አለ። ማሩ በቁመቱ ልክ ለራሱ አንድ አስመታ፤ ጫማውን ይሰቅልበታል። እኔ ሌሊት ስነሳ ጭንቅላቴን ስንቴ እንደገጨኝ አትጠይቂኝ።

አሁን ወደ መስኮቶቹ ልምጣ።

አናጢው መስኮቱን ሊቆርጥ ሲል በክንድሽ ለክተሽ የሰጠሽው ትዝ ይለኛል። አንድ ክንድ በአንድ ክንድ። ያ የወሎ ሰው መጋዙን አስቀምጦ፣ «እህት ዓለም፣ እዚህ አገር ብርድ የለም እኮ፤ ሰፋ ይበል» አለሽ። አንቺ ደግሞ ወገብሽን ይዘሽ፣ «ብርድ ባይኖር አቧራ አለ፣ አቧራ ባይኖር ሌባ አለ» አልሽው። እሱም ሳቀና ቆረጠው። የዳባት ነፋስ ላሳደገሽ ላንቺ መስኮት ማለት ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። እኔም የወገራ ልጅ ነኝ፤ ልክ ናት ብዬ ቆሜ አየሁ። እዚህ ቆላ፣ ሸሕዲ ላይ ስንት ዓመት ኖረን ስናበቃ፣ ቤት ስንሠራ ደጋ ነበርን።

መጋቢት ገባ። እንጉዬ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ቀን መቀመጥ አይቻልም፤ ማታም አይቻልም። ቆርቆሮው የቀኑን ፀሐይ ይዞ ያመሻል፤ መስኮቶቹ የሚያስወጡት ነገር የለም። አልጋው ይሞቃል፣ ትራሱ ይሞቃል። የዘሃራን ምላስ ታውቂዋለሽ፤ አጥራችን አሁን ከእሷ አጥር ጋር አንድ ነው። አንድ ቀን ከሱዳን የመጣ ሽቶና ሳሙናዋን ተሸክማ ከገላባት ስትመለስ በራችን ላይ ቆመች። ወደ ውስጥ አንገቷን አስግጋ አወጣችና፣ መምህር በማለት ፈንታ በዓረብኛዋ «ያ ኡስታዝ፣ ቤት ነው ያሠራኸው ወይስ የዳቦ መጋገሪያ ፉርኖ?» አለችኝ። ትርንጎ እስኪያማት ሳቀች። ዘሃራ ግን ስቃ ብቻ አልተወችንም። የወንድሞቿን ልጆች ሰብስባ ግቢያችን ውስጥ ራኩባ አስተከለችልን፤ በአራት ባላ ላይ የማሽላ አገዳ የተረበረበበት ጥላ ነው። በገመድ የተጠለፉትን የሱዳን አልጋዎች፣ አንገረቦቹን፣ ከሥሩ ደረደርን። ትልቁን የሸክላ የውሃ ጋን ከኒሙ ዛፍ ሥር አቆምን።

እና እዚያ እንኖራለን። ያን ሁሉ ዓመት የተመኘነው ቤት ውስጥ ያሉት ቁምሳጥንና ምስማሮች ናቸው። እኛ ውጭ ነን።

ደስ ይለናል፤ ይህንም ልነግርሽ እፈልጋለሁ። ማንም «ድምፅ ቀንሱ» አይለንም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሩ ከጋኑ ውሃ እየቀዳ ኒሙን ሲያጠጣ አገኘዋለሁ፤ ከዛፉ ይልቅ ራሱን ያጠጣል። ትርንጎ የተማሪዎቼን ደብተር አንገረቡ ላይ ዘርግታ እንደ እኔ መነጽር ያላት ይመስል አፍንጫዋን ትነካለች፤ የማይረባ መልስ ካገኘች ጮክ ብላ ታነብልናለች። ጸጉሯን የምሠራው እኔ ነኝ። መሥራት እንኳ አይባልም፤ ዘሃራ «ይህን ቁንዳላ ማን ሠራው? ትራክተር ያረሰው ይመስላል» ብላ ፈትታ እንደገና ትሠራዋለች። ወጥ እሠራለሁ። ትርንጎ ቀምሳ፣ «ዛሬ ጥሩ ነው አባዬ፤ ውሃውን ብቻ ለነገም አስተርፍ» ትለኛለች። ንግግሯ ቁርጥ አንቺ ነው። ራት በልተን ሬዲዮ ከፍተን ጋደም ስንል፣ በአስፋልቱ ላይ ወደ ኮኪት እርሻዎች የቀን ሠራተኛ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ ድምፃቸው ይመጣል፤ የጎጃም ልጆች ዘፈን ይሰማል። ማሩ ዘፈኑን ሳይገባው ተቀብሎ ይዘፍናል። እንቅልፍ የሚወስደው ዘፈኑ አፉ ላይ እንዳለ ነው።

ይህ ነው የምንኖረው ኑሮ። የሚያሳምመውም ይኸው ራሱ ነው።

ማሩ አጎበር ውስጥ አያድርም። ከራኩባው ባላ ላይ አስሬለታለሁ፤ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አስገባለሁ። ጎህ ሲቀድ ሳየው ግን እግሩ ውጭ ነው፤ አንዳንዴም ሙሉ ሰውነቱ ውጭ ነው። ቤት ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘግቼ ሞከርኩ። አላበው፣ ገላው ሽፍ አለ፣ አለቀሰ፤ መብራት ሲኖር የተዋስነው ማራገቢያ ያግዘዋል፤ መብራት ሲሄድ እኔ በካርቶን አራግብለታለሁ፤ እንቅልፍ ሲጥለኝ ያለቅሳል። መልሼ አወጣዋለሁ። ውስጥ ሙቀቱ፣ ውጭ ትንኙ። መሀል ላይ የምቆምበት ቦታ ፈልጌ አጣሁ።

ባለፈው ሳምንት ጎህ ሲቀድ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ሰማሁ። ድምፁን አወቅሁት። አንቺንም እንዲሁ ነበር የጀመረሽ። አቅፌው ጤና ጣቢያ ድረስ ሮጥኩ፤ ትርንጎ ጫማ ሳታደርግ ተከተለችኝ። ነርሷ ካንቺ ጋር የነበረችው አይደለችም፤ ወጣት ናት፣ የጎንደር ልጅ ትመስላለች። ደሙን ከወሰደች በኋላ፣ «መምህር፣ ልጁ የት ነው የሚተኛው?» አለችኝ።

ውጭ አልኳት።

«አጎበርስ?»

አለው አልኳት።

እግሩን አየችው፤ የተነከሰበትን ቆጥራ ተወችው። አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። «መስኮት ያለው ክፍል ካላችሁ መስኮቱን አስፉትና ወንፊት ሽቦ ግጠሙበት፤ ውስጥ ይደር» አለች። ቀላል ነው። ለእሷም ለእኔም ሲነገር ቀላል ነው።

ያንኑ ዕለት አናጢውን ፈለግሁት። ኮኪት ወርዷል፤ ለአንድ ባለ እርሻ መጋዘን እየሠራ ነው። በስልክ አገኘሁት። «መምህር፣ ከመስኮቱ ዳር ያለው ቋሚ ጣሪያውን የተሸከመው ነው፤ እሱን ሳላይ ለሌላ ሰው እንዳታስነካው። እኔ እስክመጣ ዝናብ ከቀደመ ደግሞ አልነካውም፤ ይህ ጥቁር አፈር ውሃ ሲጠጣ ግድግዳውን ያንቀሳቅሰዋል፤ ክረምቱ ይውጣ» አለኝ። መቼ ትመጣለህ አልኩት። «ባለቤቱ ሲለቀኝ» አለ። ማክሰኞ ዕለት ከሱዳን በኩል ደመና ተነሥቶ አየሁ። አልዘነበም። በየቀኑ ወደዚያ አያለሁ፤ ከዚያ በላይ የማደርገው የለኝም።

ማሩ ገና ጤና ጣቢያ ተኝቶ ሳለ እናትሽ በወንድምሽ ስልክ ደወሉ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ የዳባት ሰው ሸሕዲ አይጠፋም። ድምፃቸው ደክሟል።

«ልጄ፣ ያ ቆላ አንዷን በልቶብኛል» አሉኝ። «ሁለተኛ አላበላውም። እሑድ እመጣለሁ። ልብሱን አዘጋጅተህ ጠብቀኝ።»

እማማ አልኳቸው።

«ልቀማህ አይደለም» አሉ። «አባትነትህ የት ይሄዳል? ነፍስ ይወቅና ትወስደዋለህ። እዚህ ወተት አለ፣ እዚህ ብርድ እንጂ ትንኝ የለም። እሷ ብትኖር እምቢ ትለኝ ነበር?»

ይህን ጥያቄ ነው መመለስ ያቃተኝ፤ ለእሳቸው ብቻ አይደለም፣ ለራሴም። ብትኖሪ ምን ትይ ነበር? ሁለት አንቺ ይታየኛል። አንዷ «ልጄን አሳልፌ አልሰጥም» ትላለች፤ እናትሽ ትርንጎን ገና ስትወለድ ላሳድጋት ባሉ ጊዜ እንዲያ ነበር ያልሽው፤ እሳቸውም ተቀይመው ሄዱ። ሌላዋ ደግሞ ትኩሳቱ ሲጀምርሽ ማሩን ከጎንሽ አንሥቼ ለዘሃራ እንድሰጠው የነገርሽኝ ናት፤ ትንኙ ካንቺ ወደ እሱ እንዳይሄድ። ሁለቱም አንቺ ነሽ።

ሰው ጠየቅሁ። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር፣ «ልማዱም እኮ ነው፤ እናቱ የሞተችበት ሕፃን የእናቱ እናት ጋ ነው የሚያድገው፤ ማን ይነቅፍሃል?» አለኝ። ነቀፌታ አልፈራሁም፤ ያ ሊገባው አልቻለም። ዘሃራ ደግሞ እጇን አወናጨፈች። «ሞት በወባ ብቻ ነው እንዴ ኡስታዝ? ደጋ ስንት ልጅ በሳል ይሄዳል! እኔ አስር ወልጄ እዚሁ አሳድጌ የለ?» አለችኝ። ሁሉንም እንዳላሳደገች ሁለታችንም እናውቃለን። ከዚያ ለማሩ የሎሚ ጭማቂ ልታመጣ ገባች።

ለትርንጎ አልነገርኳትም ነበር። ሰምታለች። ትናንት ከሰዓት ማሩ አንገረቡ ላይ ተኝቶ ዝንቡን እያባረረችለት፣ ቀና ሳትል፣ «ማሩ ከሄደ ስለ እማዬ ማን ይነግረዋል?» አለችኝ።

የምትነግረውን ሰምቼ አውቃለሁ። እማዬ እባብ በድንጋይ ገድላለች፤ እማዬ ከመኪና ፈጥና ትሮጥ ነበር፤ እማዬ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ጅብ አጋጥሟት «ሂድ ወደ ቤትህ» አለችው። የእባቡ እውነት ነው። ሌላውን ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። አላርማትም። ማሩ የሚያውቅሽ በዚህ ነው፤ ፊትሽንማ አያስታውሰውም። ፎቶውን ሳሳየው «ይህቺ እማዬ አይደለችም፤ እማዬ ትልቅ ናት» ይለኛል። ዳባት ላይ እናትሽ ስላንቺ ሲያወሩ ያለቅሳሉ፤ እዚህ ስላንቺ ሲወራ ይሳቃል። ልጅ የቱን እየሰማ ቢያድግ ይሻላል? ይህን የሚነግረኝ ነርስ የለም።

አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሻለሁ፤ እዚህም ይደግ እዚያ፣ ስምሽ በዚህ ግቢ በየቀኑ ይጠራል። ወጡ ውሃ ሲበዛበትም፣ ትርንጎ ስትመልስልኝም፣ መስኮቱን ባየሁ ቁጥርም። ቢሰፋ እንኳ አንቺ የለካሽው ስንት ድረስ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ለልጆችሽ አሳያቸዋለሁ። ሌላ ላደርግልሽ የምችለው ይህን ያህል ነው።

ዛሬ ዓርብ ነው። ማሩ ጠዋት ግማሽ ዳቦ በልቷል፤ አሁን ከኒሙ ሥር ተቀምጦ ጉንዳን እያየ ነው። ልብሶቹን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቅያቸዋለሁ። በዚህ ፀሐይ ወዲያው ደርቀዋል፤ አላነሣኋቸውም። ቁምሳጥን ውስጥ ልመልሳቸው ወይስ በቦርሳ ላድርጋቸው አልቆረጥኩም። እናትሽና ወንድምሽ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከዳባት ተነሥተው፣ መኪና ከቀናቸው ሳይመሽ ይደርሳሉ።