ለሞክሼው የሄደው ቼክ

ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ሰው አትጣ፤ እግርህን እንቅፋት አይንካው። እኛ ደህና ነን፤ ጉልበቴም ደረጃ ሲያይ ከማጉረምረም በቀር ምንም አላለኝ።

አንድ የደበቅኩህ ነገር አለ። ለጣሪያው የላክኸውን ብር ለአናጺው በቼክ ከፈልኩ። አናጺውና ቀለም ቀቢው ግን በስምም በአባት ስምም አንድ ናቸው፤ እርስ በርስ «ሞክሼ» ሲባባሉ ሰፈሩም ሁለቱን ሞክሼ ይላቸዋል። እኔ የአያት ስም ሳልጽፍ «ለሞክሼ ስጥልኝ» ብዬ ለሰፈራችን ዘበኛ ሰጠሁት፤ እሱ ለቀለም ቀቢው ወሰደለት። ባንኩም ስሙን አይቶ ከፈለ። በሳምንቱ አናጺው «እትዬ፣ ክፍያዬስ?» ሲለኝ ክው አልኩ። ጣሪያው ግማሽ ነው፤ ዝናቡም ደርሷል።

ሥራ ፍለጋ እግሯ የቀጠነው ታናሽ እህትህ የቼኩን ቅጂ ከባንክ አስወጥታ ቀለም ቀቢው ቤት ይዛኝ ሄደች።

«አምና አጥራችሁን የቀባሁበት ቀሪ ሒሳብ መስሎኝ ነው፤ ግማሹን አጥፍቼዋለሁ» አለ።

ልጮህ ስል እጄን ያዘችና «ጋሼ፣ አጥራችንን በወርቅ ነው እንዴ የቀባኸው?» አለችው።

ሳቀ፤ ከዚያ አፈረ። የተረፈውን እዚያው መለሰ፤ ሌላውን በሦስት ወር ሊከፍል ፈረመላት። አናጺውንም በግማሹ አግባብታው ትላንት ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ።

እኔ እኮ «የተማረች ሥራ ፈት» እላት ነበር፤ ምላሴን በቆረጠው! እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት እንዳመጣችው እስካሁን ይገርመኛል።

የያዝከው ይባረክ፣ ዕድሜህ ይርዘም። አደራህን፣ ስትደውልላት ምንም እንዳልሰማህ ሁን። ራሷ ትንገርህ፤ ብታረዝመውም አታቋርጣት።

እናትህ