የእንቁጣጣሽ ነጭ አበባ

መስከረም 1971 ዓ.ም.
ይድረስ ለወንድም ጋሼ ፈየራ፣ አዋሽ ጥጥ እርሻ

የቆላው ሙቀት አቅልጦህ ካልሆነ እንደምን ከርመሃል? እኛ ላፍቶዎች እግዜር ይመስገን ደህና ነን፤ እኔም እንደ ልማዴ ሰው ሳናድድ እውላለሁ።

ለእንቁጣጣሽ የላክሃት ነጭ አበባ በሾፌሩ እጅ ደርሳናለች። ደርቃ እንኳ አልረገፈችም። እማዬ አደዩን ገፋ አድርጋ መሃል ላይ አስቀመጠቻት።

እንኳን አደረሳችሁ ሊሉን የመጡት የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ጋሽ ከበበው ግን እማዬ ልጄ ላከልኝ ብትላቸው ጠላቸውን ትተው አበባዋን ሲያገላብጡ ቆዩ።

"እኔ የስሜን ሰው ነኝ፤ ይቺ ውርጭ በሚገርፈው የተራራ ጫፍ ላይ እንጂ ቆላ አትበቅልም። ልጅሽ የት ነው ያልሽኝ?"

"አዋሽ" አለች እማዬ።

እኔ ፈጠን ብዬ፣ "የለም፣ ከፉሪ ተራራ የለቀምኳት እኔ ነኝ" አልኩ።

"እንግዲያው ነገ ወስደህ ታሳየኛለህ" አሉኝ።

ፉሪን አብረን ወጣን። "ፍየል በልቷት ይሆናል" እያልኩ ቀኑን ሙሉ አዞርኳቸው፤ ሲወርዱ ግን አልሳቁም። ትናንት ደግሞ ፎቶህን ጠየቁኝ። አራተኛ ክፍል ሳለህ የተነሳኸውን፣ ንፍጥህ የሚታየውን ሰጠኋቸው።

አንተዬ፣ አዋሽም ውርጭ መጣል ጀመረ እንዴ? ለሌላ ጊዜ ስጦታ ካማረህ ጥጥ ላክ።

እማዬ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡሉኮ ልታሠራልህ ጥጥ ትፈትላለች። "ለአዋሽ ሙቀት ቡሉኮ ምን ያደርግለታል?" ብላት፣ "ወፍራም ነው ብለህ ጻፍለት" አለችኝ።

ካኮረፉኝ ጎረቤቶች በስተቀር ሁሉም ሰላም ይልሃል።

ታናሽህ ቀጄላ