ደብሩን የማያውቀው ሰርቨር

ነሐሴ 3፣ 2003 ዓ.ም.፣ ጠዋት
ዛሬም ከመ/ቤታችን ሰርቨር ቆሻሻ ኢሜይል ስጠርግ አረፈድኩ። ሎተሪ ደርሶሃል፤ ውርስ ወጥቶልሃል። ላኪዎቹ አገራችን ነው የሚሉት አድራሻ በዓለም ላይ የለም። ኃላፊያችን አቶ ሙላት መግቢያውን ዝጋው አሉኝ። ዘጋሁት። ከእንግዲህ ሰርቨሩ የላኪውን ዶሜይን፣ ማለት ከአድራሻው መጨረሻ ያለውን ስም፣ ኢንተርኔት ላይ ይፈልጋል፤ ካጣው ኢሜይሉን ይመልሰዋል። ጸጥ አለ። ንፋስ መውጫን ጉም ውጧታል። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ካረፈች ወዲህ ቤቴም እንዲሁ ጸጥ ያለ ነው፣ ማስታወሻዬ።

ነሐሴ 5
ስማዳ ላይ በረዶ ገብሱን መታው አሉ። የምስር ዘር ያለው እኛ መ/ቤት ነው፤ መኪናው ቅዳሜ ይወጣል። እዚያው ስማዳ ካለው የወገዳ ቢሯችን ግን ጥያቄ የለም። ካልጠየቁ አልቸገራቸውም፣ ለእስቴ ወረዳ ይጫን አሉ አቶ ሙላት።
ከፍልሰታ ቅዳሴ መልስ ጋደም አልኩ። ጥሩወርቅን በሕልሜ አየኋት። ደጃፍ ቆማ ውሻችንን ይዛለች። ማን ሊመጣ ነው ብላት፣ ወደ መንገዱ ተመለከተች። ዝናቡ ልብሷን አይነካውም።

ነሐሴ 6፣ 5 ሰዓት
የወገዳ ባለሙያችን ወ/ሮ የሻረግ ደወለች። ጥያቄውን ከላከች ሰንብታለች። ከሰርቨሩ የመጣላት የእንግሊዝኛ መልእክት ደርሷል ያለ መስሏታል። ለካ ጥያቄዋን የመለስኩባት እኔው ነኝ! ለኮምፒዩተራቸው ዶሜይን ብለው የደብራቸውን ስም ሰጥተውታል፤ ኢንተርኔት ላይ ግን ያስመዘገበው የለም። ስነግራት ሳቀች።
“ጋሼ፣ ይህን ደብር የማያውቅ ማነው? እርስዎስ በየዓመቱ ለንግሥ ይመጡ የለ?”
ከዚያ ሳቋ ጠፋ። ገበሬው ማሳውን መልሶ አርሶ ይጠብቃል።

ያው ቀን፣ 9 ሰዓት
ጥሩወርቅ የመሸበት እንግዳ ሲጣራ፣ አገሩን ሳትጠይቅ ውሻ ትይዝ ነበር። እግሩ ታጥቦ፣ በልቶ፣ ከየት ነህ የሚባለው ኋላ ነው። እኔ ካልጋዬ ሆኜ፣ ማነው? የማን ዘመድ ነው? እል ነበር። ዛሬም ያው ነኝ።
የዘጋሁትን ከፈት ላድርገው ብዬ አቶ ሙላትን ለመንኳቸው። ቆሻሻው ሲመለስ ማን ይጠርጋል አሉ። እኔ፣ አልኩ።
አስተካከልኩት። ዶሜይኑ ያልታወቀውን ሰርቨሩ አያባርርም፣ አያስገባምም። ለብቻው ያቆየዋል፣ ደጀ ሰላም እንደሚያርፍ መንገደኛ። በየጠዋቱ ወጥቼ አያለሁ። የሻረግን ደግመሽ ላኪ አልኳት። መብራት ሄደ።

ነሐሴ 7፣ ጠዋት
መብራት መጣ። የወገዳው ጥያቄ ከሎተሪዎቹ መሀል ቁጭ ብሎ አገኘሁት። አትሜ ሮጥኩ። መኪናው ተጭኖ ሞተሩ ተነስቷል። አቶ ሙላት በዝናቡ ቆመው አነበቡ። እስቴ ለቀጣዩ ጭነት ይታገሣል አሉ። ቀጥለው፣ የወገዳ መንገድ ጭቃ ነው፣ ሲይዘው ማን ይገፋል?
እኔ፣ አልኩ።

ጋቢና ውስጥ ነው የምጽፈው። ጉም። መንገዱ አይታይም። ዛሬ እንግዳው እኔ ነኝ፣ ጥሩወርቅ። ውሻውን ያዢልኝ፤ ስንደርስ... ጭቃው ያዘን፤ ልገፋ ልውረድ።