የበለጥሻቸው ጎታ ይዘት

ኅዳር 8 ቀን 1977

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው፦ ጎታ ሙሉ ሲሊንደር አይደለም። ወገቡ ይሰፋል፣ አፉ ይጠባል። ስለዚህ ዙሪያው በሦስት ቦታ በገመድ ይለካል፤ አማካዩ ይወሰዳል። የግድግዳው ውፍረት አምስት ሳንቲም ነው፤ ከሬዲየሱ ይቀነሳል። ይህን ያልቀነሰ ሰው ጭቃውንም እበቱንም እህል ብሎ ይቆጥራል።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብዙነህ ጠዋት መጥቶ ነበር። ለእርዳታው ስንዴ የስም ዝርዝር ሊወጣ ነው። በጎታው ከአንድ ኩንታል በላይ ያለው አይመዘገብም። "የሰው አፍ አላምንም፤ የእርስዎን ገመድ ነው የማምነው" አለኝ። ስድስተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። ሾጣጣ ላይ ስንደርስ ያንቀላፋ ነበር።

"ይህ ለምን ይጠቅማል ትል አልነበር?" አልሁት።

"ዛሬ ገባኝ መምህር፤ ዘግይቶ ለገባው ግርፊያ የለም" ብሎ ሳቀ።

ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመቴ። ሥራ በማግኘቴ ደስ አለኝ... እውነቱን ለመጻፍ።

ኅዳር 10

ከብዙነህ ጋር ዘጠኝ ቤት ለካን። ጎታ ለባዕድ አይከፈትም፤ በረከቱ ይሄዳል ይላሉ። ስለዚህ ከውጭ በጣት አንጓ መታ መታ ይደረጋል። እህል እስካለበት ድረስ ድምፁ ይታፈናል፤ ከዚያ በላይ ይጮሃል። ድምፁ የተለወጠበት ላይ በከሰል አሰምራለሁ።

የመጨረሻው የበለጥሻቸው ቤት። ባሏ የሞተባት ናት፤ ያለቻት አንዲት ልጅ፣ ሸጋዬ። የጎታው አማካይ ዙሪያ 2.83። የውስጥ ሬዲየስ 0.40። የታፈነው ቁመት 0.80። ይዘት 0.40 ሜትር ኩብ። ገብስ ነው አለችኝ። ሁለት ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል። ሁለት ጊዜ አሰላሁት። ትክክል ነው።

ቁጥሩን ስነግራት "ይኼን አማቾቼም ይሰሙታል?" አለች።

"ዝርዝሩ በሰው ፊት ይነበባል።"

ምን ማለቷ ነበር?

ኅዳር 15

ጾመ ነቢያት ዛሬ ገባ። ሳይጾም የከረመ ማን አለ?

ዝርዝሩ ተነበበ። በለጥሻቸው የለችበትም። አንዱ ከኋላ "ባለጎታዋ፣ እኛንም አስቢን እንጂ" ብሎ ነካት። "ስልቻህን ይዘህ ና" አለችው። ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ኅዳር 16

ዝርዝሩ ወደ ደሴ ሄደ።

ኅዳር 24

ሸጋዬ ከምንጭ ስትመለስ እንስራዋን አውርዳ መንገድ ላይ ተቀመጠች። መነሳት አቃታት። ደግፌ ቤቷ አደረስኋት። ምድጃው ቀዝቃዛ...

"ገብሱስ?" አልኋት እናቷን።

በሩን ዘጋች። ከጎታው ሥር ውታፉን ነቀለችው። እብቅና አፈር ፈሰሰ።

"ባዶ ጎታ ይጮሃል፣ መምህር። በጥቅምት የልጄ አማቾች ቤታችንን ሊያዩ መጡ። አባትየው ሲጨዋወት እንደ ዋዛ ተደግፎ መታ መታ አደረገው። እርስዎ እንዳደረጉት።"

ሠርጉ ለጥር ተቀጥሯል። የልጁ ወላጆች ደጎሎ በኩል ናቸው፤ እህል አላቸው። ሸጋዬ እዚያ ከገባች ትበላለች። ባዶ ቤት መሆኑ ከተሰማ ግን አይወስዷትም።

"ለምን ያን ዕለት አልነገርሽኝም?"

"ሊቀ መንበሩ አጠገብዎ ቆሞ?"

ስሌቱ ስህተት የለበትም። ሬዲየሱም፣ ቁመቱም። የእብቅ ይዘት አስልቼ ገብስ ብዬ ጻፍሁ... በእጄ ፈርሜ።

ቤቴ አምስት ጣሳ ገብስ ነበረኝ። ሁለቱን ወሰድሁላቸው። ለስንት ቀን ይሆናል?

ኅዳር 26

ብዙነህ ዘንድ ሄድሁ። ምክንያቱን ሳልነግረው "በለጥሻቸው ትመዝገብ" አልሁት።

"ስሌቱ ተሳስቷል?"

አልተሳሳተማ።

"እንግዲያው ጎታው ይከፈትና ኮሚቴው ይየው።"

"አይሆንም።"

"መምህር፣ እኛ ማርክ ይጨምሩልን ስንልዎት እንዲህ በቀላሉ ይጨምሩልን ነበር?" ፊቴን አይቶ ቀዘቀዘ። "አብሽሩ... እኔ ብፈልግስ? ዝርዝሩ ደሴ ነው። እዚያ የሚያጣራው ፈንታሁን ነው።"

ፈንታሁንንም አስተምሬዋለሁ። ጎበዝ ነበር።

ከዚያ መጋዘኑ ውስጥ አስገባኝ። ከተቀደዱ ጆንያዎች የፈሰሰ ስንዴ ወለሉ ላይ ተከምሯል፤ ይለኩልኝ አለ። ለካሁለት። ሾጣጣ ነው። ዙሪያ 9.42፣ ቁመት 0.90። አሥራ ስድስት ኩንታል ገደማ። "ሁሉም ባለቤት አለው" አለኝ። ከፊቴ ተከምሮ... አንድ እፍኝ ማዘዝ አልችልም። ገመዴን ጠቅልዬ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 3

የሰጠኋቸው ገብስ አለቀ። የእኔም ከአንድ ጣሳ በታች ነው። ሸጋዬ ተኝታለች። እናቷ ለጎረቤት "ለሠርጓ እንድትወፍር አሳርፌያት ነው" ትላለች።

"ለኮሚቴው እውነቱን ልንገር?" አልኋት።

"ይንገሩ። ስንዴው እስኪመጣ ግን ልጄ ባልም እህልም አይኖራት።"

ብነግር አጠፋታለሁ። ዝም ብልም አጠፋታለሁ። ሦስተኛ መንገድ ስፈልግ ዋልሁ።

ታኅሣሥ 6

ሠላሳ አንድ ዓመት የተማሪ ስህተት በቀይ ሳሰምር ኖርሁ። ዛሬ ያልሠራሁትን ስህተት ሠርቻለሁ ብዬ ጻፍሁ። አራት ጊዜ ቀድጄ በአምስተኛው እጄ እሺ አለ። ግልባጩ ይህ ነው፦

"ይድረስ ለልጄ ለፈንታሁን። እንደምን ከርመሃል? ከመካነ ሰላም የደረሰህን ዝርዝር የሠራሁት እኔ ነኝ። የወይዘሮ በለጥሻቸውን ጎታ ሳሰላ ተሳስቻለሁ። ዲያሜትሩን እንደ ሬዲየስ ወስጄ በራሱ አባዛሁት፤ ይዘቱ አራት እጥፍ ሆኖ ወጣ። ትክክለኛው ስድሳ ሁለት ኪሎ ብቻ ነው። ከኩንታል በታች ስለሆነ እናትና ልጅ፣ ሁለት ሰው ብለህ መዝግብልኝ። አስተማሪህ እንዲህ ያለውን ይስታል ብሎ ማመን ይቸግርህ ይሆናል። አርጅቻለሁ። ጎታውን ማስከፈት አያስፈልግም፤ ፊርማዬ ይብቃህ። ልጅቷ ከመኝታዋ መነሳት አልቻለችም። ይህን የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሹፌር ከነገ ወዲያ ይመለሳል። መልስህን በእሱ እጅ ስደድልኝ፤ አታቆየው።"