አልዩ አምባ በሰው ዋስትና

ሰኞ፣ ጥር 25

ከተማውን ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት ብል ማንም አያምነኝም። ገና ከአይሱዙው ስወርድ ጀመሩኝ። የማን እንግዳ ነሽ? የማንም። ዘመድ አለሽ? የለኝም። ለንግድ ነው? አይደለም። ታዲያ ምን ፈልገሽ? አገር ለማየት። የጠየቀኝ ሰውዬ ዞር ብሎ አልዩ አምባን ከላይ እስከ ታች አያት። ምን የሚታይ ነገር እንዳገኘሁባት ግራ ገባው።

እኔ ግን ስንት ዓመት የተመኘሁት ነው። ከደብረ ብርሃን ለለቅሶም ለሠርግም ጎረቤላ በመጣሁ ቁጥር አፋፉ ላይ ቆሜ ቁልቁል አያታለሁ። ድሮ የዐረብና የሐረር ነጋዴ ከባሕር ያመጣውን ዕቃ ከግመል የሚያራግፍባት ትልቅ ገበያ ነበረች ይላሉ። የዓመት ፈቃዴን ሁልጊዜ የእህቴን የዓለምን ልጆች ስጠብቅ ነው የምጨርሰው። ዘንድሮ እንቢ አልኩ። ፋብሪካው እስከ ሰኞ አይፈልገኝም። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ባል የለኝ፣ ልጅ የለኝ። ማንንም ሳላስፈቅድ መሄድ ካልቻልኩ ምኑን ብቻዬን ኖርኩት?

ደስታዬ ግማሽ ቀን አልቆየም። የዐረቦች ሰፈር የሚሉት ቦታ ሄጄ የፈረሰ የድንጋይ ግንብ ፎቶ ሳነሳ፣ ሀጂ ኑሩ የሚባሉ የገበያው ሽማግሌ ሁለት ሰው አስከትለው መጡና ስልክሽን አስቀምጪ አሉኝ። አልተቆጡም፤ ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው። አምና አንድ የማይታወቅ ሰው እንደኔ ፎቶ ሲያነሳ ሰንብቶ ከሄደ በኋላ ግመሎች ተነድተው ጠፉ። ከዚያ ወዲህ ዋስ ያልጠራ እንግዳ አያድርም። ዋስ ከሌለሽ አሁኑኑ ተመለሺ አሉ። የሚመለስ መኪና ደግሞ የለም። ስልኬን ቦርሳዬ ውስጥ ወረወርኩት። ከንዴት ይሁን ከፍርሃት አላውቅም።

ያዳኑኝ እትዬ ዘሀራ ናቸው። ስልሳ ያለፋቸው፣ እርድና በርበሬ የሚሸጡ ሴትዮ። እርድዎ ዱቄት ተቀላቅሎበታል ብዬ ከጥቂት ጊዜ በፊት የተጣላኋቸው! ሰው ሲሰበሰብ አይተው መጡና «እኔ ይዣታለሁ» አሉ። ሀጂ ኑሩ ታውቂያታለሽ ወይ ሲሏቸው እንዲህ መለሱ፦

«አላውቃትም። ስትጨቀጭቀኝ ነው ያየኋት። ሊሰርቅ የመጣ ሰው እንዲህ ዐይን ውስጥ አይገባም።»

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኸው ነው። ዛሬ የማላውቃቸው ሴትዮ ቤት፣ በእሳቸው ቃል ላድር ነው።

ማክሰኞ፣ ጥር 26

ሙቀቱ! የደብረ ብርሃን ሰው ሲያልበው የታመመ ይመስለዋል። ሁለት ጊዜ ግንባሬን ዳሰስኩ።

ዛሬ ያየሁት ብዙ ነው። ወገባቸው ድረስ ጉድጓድ ገብተው የሚሸምኑ ሽማግሌዎች። የግመል ገመድ የበላው፣ መሐሉ የተቦረቦረ ድንጋይ። አርጎብኛ ሲያወሩ ጆሮዬን እጥላለሁ፤ የገባኝ ይመስለኝና ወዲያው ያመልጠኛል። የገበያው ሜዳ እስከ ዓርብ ባዶ ነው፣ ነገር ግን የእያንዳንዱ ነጋዴ ቦታ በጠፍጣፋ ድንጋይ ተለይቷል። በአዘቦት ቀን እንኳ የሰው ድንጋይ ላይ አረፍ የሚል የለም። የእትዬ ዘሀራ ቦታ መግቢያው አጠገብ፣ ግራሩ ሥር ነው። ከአያታቸው ወደ እናታቸው፣ ከእናታቸው ወደ እሳቸው የመጣ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የሚኖሩት በዚያች ቦታ ነው።

ጾመ ነነዌ መሆኑን ስነግራቸው ምግቡን ከድነው እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆዩልኝ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ለብቻው የተቀመጠ ሰሃንና ኩባያ አለ። የክርስቲያን እንግዳ ዕቃ ነው፤ የእስላም ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ ሳትሰጊ ብዪ አሉኝ። በላሁ። ውለታ ይከብደኛል። ሰው ሻይ ከጋበዘኝ ብድሩን እስክመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም። እዚህ ደግሞ በምን እመልሳለሁ?

የታዘዝኩት ይሄ ነው፦ ከተማው ዳር ካለው መቃብር ወዲያ እንዳላልፍ፣ ሳላስፈቅድ ፎቶ እንዳላነሳ፣ የትም ስሄድ እንድናገር። እንደ ሕፃን! እሺ አልኩ። ትናንት ከሀጂ ኑሩ ጋር ከነበሩት አንደኛው ቀኑን ሙሉ ራቅ ብሎ ተከተለኝ። ስቆም ይቆማል።

ረቡዕ፣ ጥር 27

ኔትወርክ ጠፋ። ዓለምን ደህና ነኝ እንኳ ማለት አልቻልኩም።

የአይሱዙው ሾፌር ነገ ጎህ ሲቀድ እንደሚወጣና ከዚያ በኋላ እንደማይመለስ ነገረኝ። መንገድ ይዘጋል ይባላል። ማን እንደሚዘጋው አያውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም፤ ከነገሩ ጾም እደሩ። የዓርቡን ገበያ ሳላይ መሄድ ያንገበግበኛል። እዚህ ታግቼ ሥራዬን ማጣት ግን አይሆንም።

ለእትዬ ዘሀራ ልነግራቸው ስል እሳቸው ቀደሙኝ። ነገ የፍስክ ቀን ነው፣ ዶሮ ይታረድልሻል አሉ። እንድበላው ብለው ክርስቲያን ጎረቤታቸው መጥቶ እንዲያርድ ለምነዋል። እሳቸው ከዚያ ሥጋ አይቀምሱም። አንድ ዶሮ ሙሉ ለእኔ ብቻ! ያለቻቸው ደግሞ ግቢው ውስጥ ያየኋት አንዲት ነች። «ስትሄጂ ደግሞ አብረን ሀጂ ዘንድ እንሄዳለን፣ ይመርቁሻል» አሉኝ።

እሺ አልኩ። ምን ልበል? ውስጤ ግን ሌላ ወስኗል። የዶሮው ውለታ አንድ ነገር። ከዚያ በላይ እዚያ ሽማግሌ ፊት ተንበርክኬ ዱዓ ሲደረግልኝ እጄን የት እንደማደርገው አላውቅም። ሀጂ ኑሩ እንደሁ ስሄድላቸው ደስ ይላቸዋል እንጂ አይከፋቸውም።

የሱፍ ሻሌን አልጋው ላይ አጥፌ እተውላቸዋለሁ። ትናንት በጣታቸው ሲዳብሱት አይቻለሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 28፣ ጠዋት

ጎረቤላ ነኝ። ተገላገልኩ!

እትዬ ዘሀራ ሱብሂ ሲሰግዱ ቀስ ብዬ ወጣሁ። ጋቢና ውስጥ ሆኜ ወደ ኋላ አላየሁም። ዳገቱ ሲጀምር ብርዱ ፊቴን ነካኝና አገሬ ገባሁ አልኩ። ከሻይ ቤቷ እንቁላል ፍርፍር በላሁ። የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ሲሞላ ይነሳል። ዓለምን ደውዬ አገኘኋት፤ ስትሰድበኝ ደስ አለኝ።

ትንሽ ቅር ብሎኛል። ግን ያልፋል።

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ



ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ከታች በእግሩ የወጣ የማር ነጋዴ ገባና አጠገቤ ተቀመጠ። ወሬ ይዟል። ሌሊቱን አልዩ አምባ ሁለት ግመል ጠፋ። ሰኞ የመጣች፣ ፎቶ የምታነሳ የከተማ ሴት ነበረች፤ ጎህ ሳይቀድ ልብሷን እንኳ ሳትሰበስብ ሸሸች። ሻሏ አልጋ ላይ ተጥሎ ተገኘ። ዋሷን ሀጂ ኑሩ ጠርተው ከገበያ ቦታዋ አነሷት።

ለምን አነሷት አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ዋስ እኮ እንግዳዋን ሽማግሌ ፊት አቁማ «በደህና ተቀበልኩ፣ በደህና ሸኘሁ» ካላለች ቃሏ አይወርድም፣ ከዋስትናው ነፃ አትወጣም አለኝ። ሽማግሌዎቹም ያኔ መርቀው ይሸኛሉ። እንግዳው እንዲሁ ከጠፋ ዋስ ገበያ አይቀመጥም፣ የጠፋው ዕቃ ጣጣም በእሱ ላይ ነው። የአገሩ ሕግ ነው፣ ማንም ያውቀዋል አለ።

እኔ ምርቃት ብቻ መስሎኝ ነበር። ምርቃት ብቻ!

ወርጄ ለዓለም ደወልኩ። ግመል ሰርቀሻል እንዴ አለችኝ። «ማንም እዚያ አያውቅሽም፤ ዝም ብለሽ ነዪ።» እውነቷን ነው። ሰውየው እንኳ ከእኔው ጋር እያወራ አላወቀኝም። ተመልሼ ገባሁ፣ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። አደራ በላ የሚለው ቃል ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። እናቴ ሰው ስትረግም እንኳ ይህን ቃል ለማንም አትጠቀምም ነበር።

ሚኒባሱ ያለ እኔ ሄደ። ዮናስም ሸሽቶ የት ደረሰ?

የአይሱዙው ሾፌር አልወርድም ብሏል። ነገ ከገበያተኛው ጋር በእግሬ እወርዳለሁ። ግመሎቹን ያስነዳሁ እኔ ነኝ ብለው የሚያስቡ ሰዎች ጋ ነው የምሄደው። በጣም ፈርቻለሁ።

ዓርብ፣ ጥር 29

ደረስኩ። ጉልበቴ አብጧል።

ድንችና ገብስ በአህያ ከጫኑ ደገኞች ጋር ወረድኩ። ብቻሽን ነሽ ሲሉኝ አዎ አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልጠየቁኝም። ገበያዋን በመጨረሻ አየኋት። ከላይ ሲያዩት ሜዳው ይፈላል። ማሾው፣ ጥጡ፣ ሰሊጡ፣ የፍየሉ ጩኸት። ስንት ዓመት የተመኘሁት ይኸው ነበር፤ ዐይኔ ግን የሚፈልገው ግራሩን ብቻ ነበር። ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣቦ በሚሄድበት ሜዳ መሐል የእትዬ ዘሀራ ድንጋይ ባዶውን ነበር። አንድም ሰው አልተቀመጠበትም።

ያወቁኝ ገና ግራሩ ሥር ስደርስ ነው። አንድ ሰው ክንዴን ያዘኝ፣ አልጎዳኝም። ጁምዓ ሶላት እስኪወጣ መስጊዱ አጠገብ አስቀመጡኝ። ከዚያ ሽማግሌዎቹ መጡ፣ እትዬ ዘሀራንም ጠሯቸው። ሰላም ልላቸው ስነሳ አላዩኝም።

ሀጂ ኑሩ ለምን ሄድሽ አሉኝ። እውነቱን ተናገርኩ፤ ዶሮዋን፣ መንገዱን፣ ምርቃቱን መፍራቴን ሳይቀር። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ሀጂ አልሳቁም። ሻሉስ አሉ። ስጦታ ነው አልኩ።

«ስጦታ በእጅ ይሰጣል እንጂ አልጋ ላይ ትተውት ይሄዳሉ?»

አፈርኩ። ግመሎቹን ፍለጋ የወጡት ሰዎች ገና አልተመለሱም፤ ዱካው ወደ ቆላው ነው ይላሉ። ሀጂ ወደ እትዬ ዘሀራ ዞሩ። እንግዳሽን አስረክበሻል፣ ቃልሽን አውርጂና ወደ ቦታሽ ሂጂ፣ የሷን ጉዳይ እኛ እናየዋለን አሏቸው። በልቤ ተመስገን አልኩ። ቢያንስ እሳቸው ነፃ ወጡ። እኔ ደግሞ የመጣው ይምጣ።

እትዬ ዘሀራ ሻሻቸውን አስተካከሉ። አሁንም አላዩኝም።

«አላወርድም» አሉ።

ሀጂ ግመሎቹ ካልተገኙስ አሏቸው።

«ካልተገኙ ከቦታዬ እንደተነሳሁ እቀራለሁ። የሰረቀ ሰው በእግሩ አይመለስም። እኔ ይዣታለሁ ብያለሁ፣ አሁንም ይዣታለሁ።»

አለቀስኩ። ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም፤ አባቴ ሲቀበር እንኳ አላለቀስኩም። እሳቸው ቀድመውኝ ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ምግቤን አቅርበውልኝ ወደ ጓዳ ገቡ።

ቅዳሜ፣ ጥር 30

ሌሊቱን ሁለታችንም አልተኛንም። ሲገላበጡ ይሰማኛል።

ጠዋት ዕቃ ላጥብ ብዬ ስነሳ ከእጄ ቀሙኝ። ያኔ ነው አፌ የተከፈተው። ላስቸግርዎ ስላልፈለግኩ እንጂ በክፋት አልነበረም አልኳቸው። ሰሃኑን አስቀምጠው ከተመለስኩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐይን ዐይኔን አዩኝ።

«ችግሩ የኔ ነበር። ማን ተሸከሚልኝ አለሽ?»

ቁጣቸው አልበረደም። እኔም እንዲበርድልኝ አለመንኩም። ዝም ብዬ አጠገባቸው ተቀምጬ በርበሬ ለቀምኩ። ለካ ዝም ማለት እችላለሁ። እርዱ ውስጥ ዱቄት የለም፤ ዛሬ ሲወቅጡት አየሁ። ነገርኳቸው። አውቃለሁ አሉ።

ረፋዱ ላይ ሀጂ ኑሩ ሰው ላኩ። ዋስሽ ይዛሻለችና ጠባቂ አናቆምብሽም፤ መሄድ ከፈለግሽ ዳገቱን የሚወጡ ሰዎች አሉ፣ አብረሻቸው ሂጂ ነው መልእክቱ። ዛሬ ካልወጣሁ ለሰኞ ሥራ አልደርስም። አለቃዬ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ሰዎቹ በደጃፉ ሲያልፉ ቆሜ አየኋቸው። እትዬ ዘሀራ ከውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር፤ ሂጂም ቅሪም አላሉኝም።

አልሄድኩም። ግመል ሳይገኝ እሳቸውን ያለ ቦታቸው ትቼ ምን ዐይነት እንጀራ ነው የምበላው?

ይህን እየጻፍኩ ሳለ ውጭ ጫጫታ ተነሳ። ፍለጋ የወጡት ሰዎች ከመቃብሩ ወዲያ እየመጡ ነው ይላሉ። ከአቧራው ውስጥ ሰው ይታያል፤ ግመል ይኑር አይኑር ከዚህ አይለይም። እትዬ ዘሀራ ትከሻቸው ላይ ሻሌን ጣል አድርገው መጥተው ክንዴን ይዘውኛል።

«ተነሺ» ይሉኛል። «አብረን ቆመን እንጠብቃቸው።»