ሣጥኗ አልፋ ባለቤቷ የወደቀችበት ፈተና

ለተከበሩ የከተማችን የኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች ፈቃድ ሰጪ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና፣ ለወንበርዎ ምቾት፣ በርዎ ላይ ለተለጠፈችው «ሲስተም የለም» ለምትለው ወረቀትም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ከጨረስኩ በኋላ በመሆኑ፣ ማንም ሳያግዘኝ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ይኸው የእርስዎ ወረቀት ነበር። ሰው ሁሉ ማንበብ የሚጀምረው በተረት ነው ይባላል፤ እኔም ከሰው አልተለየሁም።

ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ ኮሪደርዎ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተተክላ የከረመችው አሮጊት ነኝ። ጥበቃዎ «እማማ፣ እዚሁ አልጋ እናንጥፍልዎ እንዴ?» እያለ ሲቀልድብኝ እርስዎም በበሩ ክፍተት ፈገግ ብለው አይቻለሁ፤ ስለ ፈገግታዎ አመሰግናለሁ፤ ከጽሕፈት ቤትዎ እስካሁን ያገኘሁት አገልግሎት እሱ ብቻ ነው።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጭነት ኖሮ ሲሞት ሱቁንና ሙያውን ለሴት ልጃችን ትቶላት ሄደ። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስለ እሷ ፈቃድ ነው። ፈቃዷ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታደሰ ከመዝገብ ትሰረዛለች፤ አባቷ የሰቀለው ሰሌዳ ይወርዳል፤ ስንት ሕንፃ ያበራች ልጅ እንደ ጀማሪ ከዜሮ ትነሣለች። እሷ ራሷ «እማዬ፣ ተይው፤ ከእነሱ ጋር መሟገት ግድግዳ መግፋት ነው» ብላ ተስፋ ቆርጣለች። እኔ ግን በስተርጅና ተምሬ ዝም ካልኩ መማሬ ለምን በጀኝ ብዬ ብዕር አነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ገበያው ላመስግንዎ። ድሮ በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል ነበር፤ በእርስዎ ዘመን መዳቡ ከወርቅ ተቆጥሮ ተረቱን ጡረታ አስወጡት። ጠዋት የጠየቅነው የሽቦ ዋጋ ከሰዓት በኋላ ስንመለስ አያውቀንም። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየምም ከጽሕፈት ቤትዎ ፊት ለፊት ባለው ሱቅ «ንጹሕ መዳብ» ተብሎ ይሸጣል። ልጄ በምላጭ ፍቃ ብታሳየው ነጋዴው «እህቴ፣ አንዴ ግድግዳ ውስጥ ከገባ በኋላ ማን ያየዋል?» አላት። ይህን የመሰለ ዐዋቂ እርስዎ ዘንድ ሳይቀጠር እንዴት እንደቀረ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሁለተኛ፣ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ጨረታ ያሸንፋል የሚለውን ጥበብዎን አደንቃለሁ። ዕቃው እንዲህ ተወዶ ሥራው እንዴት እንደሚረክስ የሚያውቁት እርስዎና ከግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ብቻ ናችሁ።

ሦስተኛው ሰፋ ይላል፤ ሻይዎን ይዘው ያንብቡት።

ደንብዎ እንደሚለው ማንኛውም ተቋራጭ ፈቃዱን ሲያሳድስ የመሬት መስመር መለኪያ እንዳለው ማሳየት አለበት። ይህ መሣሪያ፣ ክቡርነትዎ አይተውት ካላወቁ፣ ያፈተለከ ኮረንቲ ሰው ላይ ሳይሆን ወደ መሬት መውረዱን የሚያረጋግጥ ነው። ዋጋው የማይቀመስ በመሆኑ በሰፈራችን ያለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የባለቤቴ ነው። ቢጫ ሣጥን ናት፤ እጀታዋ ስለተሰበረ በአሮጌ ሰማያዊ ቀሚሴ ቁራጭ ጠቅልዬዋለሁ። የቁጥጥር ሰሞን ሲደርስ ይህች ሣጥን እንደ ሙሽራ ከሱቅ ሱቅ ትዞራለች። ተቆጣጣሪዎ በፊት ለፊት በር ለስላሳ ሲጋበዝ እሷ በጓሮ በር ወደሚቀጥለው ሱቅ ትሻገራለች፤ እሱም ደርሶ ቀሚሴን ጨብጦ ያነሣትና «አለ» ብሎ ይጽፋል። አንድ ጊዜማ ከባድ ናት ብሎ አዝኖልን በራሱ ሞተር ሳይክል ወደሚቀጥለው ሱቅ አደረሰልን። እዚያም ሲደርስ በገዛ እጁ አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣትና፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ፣ ኮስተር ብሎ «መለኪያ አላችሁ?» ሲል ጠየቀ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ ስላሠለጠኑ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

የሣጥኗ ባለቤቶች እኛ ስለሆንን በልማዱ ተራችን መጨረሻ ነበር። ዘንድሮ ግን ተራው ሳይነገረን ተገልብጦ ተቆጣጣሪዎ መጀመሪያ እኛ ዘንድ መጣ። ሣጥኗ በዋዜማው የሄደችው በሙያው ሰፈር «ከረቫት» ብለን ወደምንጠራው ተቋራጭ ነበር፤ መሰላልን የሚያውቀው ተደግፎ ፎቶ ለመነሣት ብቻ የሆነ ሰው ነው። በዚህ ጉልበቴ ሮጬ ብደርስ «እትዬ፣ አሁን ብሰጥዎት እኔ ልውደቅ እንዴ? ጎረቤት አይደለን?» ብሎ በገዛ ሣጥኔ ጉርብትና አስተማረኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር ይሉታል ይህ ነው። ባዶ እጄን ስመለስ ተቆጣጣሪዎ ብዕሩን ዘግቶ «እማማ፣ መለኪያ የላችሁም፤ ሕግ ሕግ ነው» አለኝ። አንተው በሞተርህ ያደረስካት፣ ቀሚሴን የጨበጥክባት ናት እኮ ብዬ ብነግረው «እኔ የማየው ጠረጴዛ ላይ ያለውን ነው፤ የማን እንደሆነ አላይም» አለ። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ከረቫት ጠረጴዛ ላይ አያትና «አለ» ብሎ ጻፈ። በአንድ ቀን፣ በአንዲት ሣጥን፣ የተዋሰው አለፈ፣ ባለቤቷ ወደቀች።

አቤት ብዬ እርስዎ ዘንድ ስቀርብ በታላቅ ትሕትና «እናቴ፣ የግዢ ደረሰኝ ያምጡ» አሉኝ። ደረሰኙን የሰጠን ሱቅ ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል፤ ከፈለጉ መንገዱን ጠቅልዬ አመጣልዎታለሁ። ከረቫትን ግን ደረሰኝ አልጠየቁትም፤ ከረቫቱ ራሱ ደረሰኝ መስሎዎት ይሆናል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ቢያውቁት ይኮሩበታል። የሰፈራችን ትምህርት ቤት የመብራት መስመሩን ለማሳደስ ጨረታ ሲያወጣ ልጄ ፈቃዷ አልታደሰምና ከበሩ ተመለሰች፤ ከረቫት አሸነፈ። ሥራውን ስለማያውቀው ማንን ቀጠረ? ልጄን፤ ያውም በቀን ሠራተኛነት። መሰላል ላይ የወጣችው እሷ፣ ሽቦውን የሳበችው እሷ፣ በአባቷ መለኪያ የለካችው እሷ፤ ከታች ሆኖ የፈረመው እሱ። ማታ ማታ አቧራዋን አራግፋ «ቢያንስ ሕፃናቱን ኮረንቲ አይነካቸውም» ትለኛለች፤ ይህን ስትል ድምፅዋ የአባቷ ነው፤ አንገቷን የምትደፋው ግን እንደ እሱ አይደለም፤ ያንን ያስተማራት የእርስዎ ጽሕፈት ቤት ነው።

አራተኛ የነበረኝን ሦስተኛው አናዶኝ ረሳሁት፤ ትዝ ሲለኝ ኮሪደርዎ ድረስ ይዤው እመጣለሁ።

እንግዲህ የምለምንዎ ገንዘብ አይደለም፤ ምሕረትም አይደለም፤ ለምሕረት የሚያበቃ ጥፋት የለብንም። ልመናዬ አንድ ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ተቆጣጣሪዎችዎን ሁሉ አሰማርተው የሰፈራችንን ተቋራጮች በሙሉ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት ይቆጣጠሩልን። ቢጫዋን ሣጥን ከትምህርት ቤቱ አስመጥቼ ከአልጋዬ ሥር አኑሬያታለሁ፤ ከእንግዲህ በጓሮ በር አትወጣም፣ በሞተር ሳይክልም አትሸኝም። በዚያች ሰዓት ልጄ ሱቅ ጠረጴዛ ላይ ትገኛለች። ሌሎቹ ጠረጴዛዎች ላይ ምን እንደሚገኝ እኔ አልናገርም፤ ተቆጣጣሪዎ ጠረጴዛ ላይ ያለውን ማየት ያውቅበታል። ይህን ማድረግ ካልተመቸዎት ግን ፈቃዱን ለሣጥኗ ይስጧትና እኛን እንደ ሎሌዎቿ ይመዝግቡን፤ ያን ጊዜ ቢያንስ መዝገብዎ እውነት ይናገራል።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ዘመናትን ለመሻገር ያበቃዎትን ዕድል እያደነቅሁ፣ ከአግዳሚው ወንበር ላይ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤

የሟቹ ተቋራጭ ሚስት፣ ፈቃድ የተነፈገችው ተቋራጭ እናት፣ የቢጫዋ ሣጥን ሞግዚት።

ማስታወሻ፦ ኮሪደር ስውል እንዳየሁት፣ ጸሐፊዎ የብረት ቁም ሣጥኑን በባዶ እጇ አትከፍተውም፤ ስለሚነዝራት ወፍራም የታጠፈ ወረቀት አስደግፋ ነው እጀታውን የምትስበው። የሕንፃዎን መስመር አድሶ ያስረከበው ከረቫት መሆኑን ከግድግዳው ሰሌዳ ላይ ራሴ አንብቤያለሁ። ወረቀቷንም ጠጋ ብዬ አነበብኳት፤ የልጄ የፈቃድ ማመልከቻ ናት። እባክዎ ቶሎ አይመልሱልን፤ ከጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ሰውን ከኮረንቲ የሚጠብቅ ነገር እሷ ብቻ ናትና።