የክንፈሚካኤል ዳዊት

ጥቅምት 5 ቀን 1933 ዓ.ም.

ዛሬ ልጆቹን ቆጠርኩ። ሠላሳ አንድ። አስራ ሁለቱ ከቡሬ ከተማ፣ አስራ አምስቱ የዙሪያው ገበሬ ልጆች፣ አራቱ ከሽንዲ መጥተው ዘመድ ቤት የተጠጉ። አስራ ስድስቱ ገና ፊደል ይቆጥራሉ። አስራ አምስቱ ዳዊት ላይ ናቸው፤ መካከለኞቹ እላቸዋለሁ፣ ከፊደል አልፈው ቅኔ ያልደረሱ። የሰባቱ አባቶች ጫካ ገብተዋል። የአንዱ አባት ደግሞ የጣሊያን ግቢ በር ላይ ጠመንጃ ይዞ ይቆማል።

ከሁሉም የሚበልጠው የዚህ የባንዳው ልጅ ነው። ክንፈሚካኤል። ምን ላድርግ? እግዜር ሲያድል እኔን አላማከረኝም።

መጽሐፍ ስለሚያጥር ከይርሳው ጋር አንድ ዳዊት ይጋራሉ። የይርሳው አባት ጫካ ነው። ጭንቅላታቸውን አጋጥመው ሲያነቡ ውለው ለመውጣት ይጋፋሉ። እነሱ እንደኛ አይደሉም።

ጥቅምት 12

ክንፈሚካኤል አንድ መቶ አርባ መዝሙር ጨረሰ። የቀረው አስር ብቻ። በአስራ አንድ ዓመቱ... እኔ በስንት ዓመቴ ነበር የደገምኩት? አስራ አራት። ባልጽፈው ይሻል ነበር።

ሲያነብ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ሆዴን ያባባዋል ይሄ ልጅ። አልነገርኩትም፣ ይኮራል።

ጥቅምት 19

ምን ነካው? መቶ ሃምሳኛዋ ላይ ተያዘ። የመጨረሻዋ፣ ያቺ አጭሯ። ትናንት ሳተ፣ ዛሬም ሳተ። የሽንዲው ዘሩ፣ ግማሹን ቀን ሲያንቀላፋ የሚውለው፣ እሱ እንኳ ከኋላ ሆኖ አረመው። አለንጋ አነሳሁ... መልሼ አስቀመጥኩ።

ጥቅምት 24

ዛሬም ሳተ።

ጥቅምት 28

የክንፈሚካኤል አባት፣ ደረሰ የሚባለው፣ መጣ። እንደ ልማዴ ዞር ልልበት ነበር፣ ቀደመኝ። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደግፎ እጅ ነሳ።

«የኔታ፣ ልጁ አልሆነለትም መሰለኝ።»

«ይሆንለታል።»

«አለቃዬ ጡሩንባ የሚነፋ ልጅ አምጣ ብሎኛል። ያንተ ልጅ ደርሷል ይላል። ዳዊት ከደገመ ለድቁና ታጭቷል ብዬ አስቀረዋለሁ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ካልደገመ ግን... ምን አቅም አለኝ የኔታ፣ ካምፕ ያስገቡታል።»

እሺ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው? ከሄደ በኋላ የማስተምረው ሁሉ ጠፋብኝ፤ ፊደል የሚቆጥሩትን በጊዜ ለቀቅኳቸው። ልጁን ጣሊያን ሊወስድብኝ ነው።

ኅዳር 3

ጉድ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ስዞር ድምፅ ሰማሁ። መቶ ሃምሳኛዋን ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ሳይስት። ክንፈሚካኤል ይርሳውን እያስጠናው ነው።

ጆሮውን ያዝኩ። «ትቀልድብኛለህ?» የመለሰልኝ ይርሳው ነው።

«የኔታ፣ ከደገመ ድግስ ይደገሳላ።»

«ታዲያ?»

«ሰው አይመጣማ።»

ክንፈሚካኤል አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። አምና እህቱ ክርስትና ስትነሳ እናቱ እማዋይሽ አገሩን ሁሉ ጠርታ ነበር። ጠላው ተጠምቆ፣ ወጡ ተሠርቶ... አንድ ሰው አልመጣም። «እንጀራውን ለውሻ ስትሰጥ አየኋት። ሦስት ቀን አለቀሰች። ሁለተኛ አላሳያትም» አለኝ። ካልደገምክ ጡሩንባ ሊያስነፉህ እንደሆነ ታውቃለህ ወይ ስለው፣ አውቃለሁ አለ።

ጆሮውን ለቀቅኩ።

እኔም ያን ቀን ተጠርቼ ነበር። ሆዴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ። ሆዴ ደህና ነበር።

ኅዳር 6

የይርሳው እናት እታለም ዘንድ ሄድኩ። ባሏ ጫካ ከገባ ሦስት ዓመቱ። ነገሩን አዋየኋት። ምስሯን እየለቀመች ሰማችኝ።

«እኔ የዚያን ሰውዬ ደጅ ምን ብዬ ልርገጥ የኔታ? ባሌ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

«ልጁስ?»

«ልጁማ ልጄን የሚያስጠናልኝ እሱ አይደል።»

ወደ ምስሯ ተመለሰች። ልወጣ ስል፣ «ድግሱ መቼ ነበር ያሉኝ?» አለች። መቼ እንደሆነ አልነገርኳትም ነበር።

ኅዳር 9

ልጁን ለብቻው ጠራሁት። «እኔ እመጣለሁ» አልኩት።

«ብቻዎን?»

«ብቻዬን ብሆንም ብዙ እበላለሁ።»

ሳቀ። ከዚያ ቁጭ ብሎ ደገመ። ከሥሩ እስከ ጫፉ። እኔም ዛሬ ወደ ግድግዳው አልዞርኩም፣ ይየኝ።

ኅዳር 12፣ ሚካኤል

ከቅዳሴ በኋላ ልጆቹን በሙሉ አስከትዬ እነደረሰ ቤት ሄድኩ። የኔታ ሲሄድ ተማሪ ይከተላል፣ ማን ይከለክላል? እናቶቹም «ልጄን ልውሰድ ብዬ ነው» እያሉ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። ልጆቹ እየበሉ ነውና ጠብቁ ተባሉ፤ ሲጠብቁ ተቀመጡ፣ ሲቀመጡ በሉ።

እታለም አልገባችም። አጥሩ በር ላይ ቆመች። እማዋይሽ እንጀራና ወጡን ይዛላት ወጣች። እዚያው ቆማ በላች። ክንፈሚካኤል መቶ ሃምሳኛዋን ሲጨርስ መጀመሪያ እልል ያለችው እታለም ናት። ከአጥሩ ውጭ።

አባትየው ደረሰ ግን ቤት አልነበረም። «ተረኛ ነው» አለችኝ እማዋይሽ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ ዝግ ብላ፦ «ተረኛ እንኳ አይደለም የኔታ። እኔ ካለሁ ሰው አይገባም ብሎ የሰው ተራ ለምኖ ሄደ።»

ምግቡን በአገልግል አስቋጥሬ ራሴ ይዤለት ሄድኩ። የጣሊያን በር ላይ ስቆም የመጀመሪያዬ ነው። ሥራህን አልወድልህም፣ ወደፊትም አልወድልህም አልኩት። ያውቃል።

«ደገመ?»

«ደገመ።»

«ማን ማን መጣ?»

አገልግሉን መሬት አስቀምጬ ስማቸውን ጠራሁለት። እታለም ስል አቋረጠኝ።

«እሷም?»

«እሷም።»

ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዞረ። ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም።

«ይቀጥሉ የኔታ» አለኝ።